ሁለት እናት ያለው ቋንቋ

በሰሜን ኔዘርላንድስ፣ ሌውዋርደን በምትባል ከተማ መሀል የነሐስ ሐውልት ቆሟል። በፈረስ ላይ የተቀመጠ ጄኔራል አይደለም፤ ላም ናት። የቀረጻት ኸርሃርዱስ ያን አደማ ሲሆን የቆመችውም እ.ኤ.አ. በ1954፣ የፍሪስላንድ የከብት ዝርያ መዝገብ 75 ዓመት ሲሞላው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዝርያዋ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባና ቢሾፍቱ ዙሪያ «ሆልስቴይን ፍሪዥያን» የምንላቸው የወተት ላሞች የስማቸውን ግማሽ ያገኙት ከዚሁ ክፍለ ሀገር ነው። የአገሬው ሰው ሐውልቷን «ኡስ ሜም» ይላታል። «እናታችን» ማለት ነው።

አካባቢውን ሁሉ በወተትና በቅቤ ያኖረች ላም «እናታችን» ብትባል ብዙም አይገርምም። የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። ፍሪስኛ ለእንስሳ እናት ለብቻው ቃል አለው፤ «ሙወር» ይባላል። ይህ ቃል በአንድ ወቅት የሰው እናት መጠሪያ ነበር፣ ያውም በሕግ ሰነድ ላይ። ዛሬ ግን በአብዛኛው ለላምና ለበግ ነው የሚያገለግለው፤ የሰውን እናት «ሙወር» ማለት ንቀት ይሸታል። የሰው እናት አሁን «ሜም» ናት። እንግዲህ ሌውዋርደኖች ላሟን «ሜም» ሲሏት ከጋጣ አውጥተው ሳሎን አስቀምጠዋታል ማለት ነው።

ሁለቱ ቃላት ቦታ የተለዋወጡበት ታሪክ ከቃላት ታሪክ የሰፋ ነው። ውስጡ ሕግ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ የፖሊስ ዱላም አለ።

መጀመሪያ ግን ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። ፍሪስኛ ሲባል አንድ ቋንቋ ይምሰል እንጂ ሦስት ነው። ትልቁ ምዕራብ ፍሪስኛ ነው፤ በኔዘርላንድስ ፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር ከ400 ሺህ በላይ ተናጋሪ አለው። ሁለተኛው በጀርመን ዛተርላንድ የሚባል ቦታ ሁለት ሺህ ገደማ ሰዎች የሚናገሩት ነው። ሦስተኛው ሰሜን ፍሪስኛ በዴንማርክ ድንበር አቅራቢያ ባለው የጀርመን ባሕር ዳርና በደሴቶቹ ላይ ይነገራል፤ ተናጋሪዎቹ አሥር ሺህ አይሞሉም። ከእንግሊዝኛ ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በምዕራቡ እናት «ሜም» ናት፤ በሰሜን ፍሪስያ ፈርና አምሩም ደሴቶች ደግሞ «ማም»። ከዚህ በኋላ «ፍሪስኛ» ስል በተለይ ካልጠቀስኩ ምዕራቡን ማለቴ ነው።

አሁን ወደ አሮጌው ቃል እንሂድ።

ከ1300 አካባቢ ጀምሮ በብራና የተጻፉ የፍሪስኛ ሕጎች አሉ። ፍሪስያውያን በዚያ ዘመን በላያቸው መስፍን ሳይኖር በራሳቸው ሸንጎ ይተዳደሩ ስለነበር ሕጋቸውን በላቲን ሳይሆን በራሳቸው ቋንቋ ጽፈው አስቀርተዋል። ከነዚህ መሀል «ሃያ አራቱ የአገር ሕጎች» የሚባል ስብስብ አለ። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንዲት እናት ትቀርባለች፤ ቃሉ «ሞደር» ነው። ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ አባት ሞቷል፣ ልጅ አካለ መጠን አልደረሰም፣ የአባቱ ርስት አለ። ርስቱ የልጁ ነውና ማንም ሊሸጠው አይገባም። እናት ግን በሦስት ችግር ጊዜ ብቻ ልትሸጠው ወይም መያዣ ልታደርገው ትችላለች። አንደኛው ልጁ ተማርኮ በሰሜን ባሕር ወይም በደቡብ ተራራ ማዶ ሲወሰድ ነው፤ በገንዘቡ ትቤዠዋለች። ሁለተኛው ክፉ ዘመን መጥቶ ረሃብ አገሩን ሲያካልለውና ልጁ የሚሞት ሲሆን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ልጁ ራቁቱን፣ ቤት አልባ ሆኖ ክረምቱና ብርዱ ሲመጣበት ነው።

ይህን አንቀጽ ያነበበ ሰው የሕግ ቋንቋ ነው ብሎ ለማመን ይቸገራል። በተለይ ሦስተኛው ችግር ላይ ሕግ አውጪው ድንገት ድርቅ ያለውን አጻጻፍ ትቶ ጨለማውን፣ ጭጋጉን፣ አውሬው ሁሉ መጠለያ ፍለጋ መሄዱን፣ ልጁ ከብርድ ሊያስጥለው ይችል የነበረውን የሞተ አባቱን ጠርቶ ማልቀሱን ይዘረዝራል። የአንቀጹ ዓላማ ግን ስሜት መንካት ብቻ አይመስለኝም። ርስት ሻጭ ሆና ሸንጎ ፊት የምትቆም ሴት ምክንያቷን ማስረዳት አለባት፤ ሕጉ ምክንያቶቹን በማይረሳ መልክ ነው ያስቀመጠላት። ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ «ሞደር» በሕግ ፊት መብት ያላት ሰው መጠሪያ ነበር።

«ሞደር» በውስጡ ሌላም የተደበቀ ነገር አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከቋንቋ ሳይንስ ግኝቶች ሁሉ ለእኔ የሚጥመኝ ይህ ነው። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ፍሪስኛ ያሉበት ቤተሰብ የጥንቱን «ት» ድምፅ ምላስን በጥርስ መሀል አድርገው ወደሚነፉት ድምፅ እንደለወጠ ያኮብ ግሪም በ1822 አሳይቶ ነበር። ላቲን «ትሬስ» የሚለውን ሦስት ቁጥር እንግሊዞች ምላሳቸውን ነክሰው የሚጠሩት ለዚህ ነው። «ወንድም»ም ደንቡን ጠብቋል፤ ላቲን «ፍራተር» ሲል በጥንቱ ፍሪስኛ ያ የምላስና የጥርስ ድምፅ አለ። «እናት» ግን አልታዘዘችም። ላቲን «ማተር» ካለ ጥንታዊው ፍሪስኛ በደንቡ መሠረት እንደ «ወንድም» መሆን ሲገባው «ሞደር» አለ፣ በ«ድ»። «አባት»ም እንደዚሁ፣ «ፌደር»። በአንድ ቤት ውስጥ እናትና አባት በአንድ ወገን፣ ወንድም በሌላ ወገን። ለምን?

መልሱን ያገኘው ካርል ቬርነር የሚባል ዴንማርካዊ ነው፣ በ1870ዎቹ። ቬርነር ቃላቱን ከጥንታዊው የህንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት ጋር አስተያየ። በሳንስክሪት «ማታ» (እናት) እና «ፒታ» (አባት) ሲባል ድምፅ ከፍ የሚለው መጨረሻው ላይ ነው፤ «ብራታ» (ወንድም) ሲባል ግን መጀመሪያው ላይ። በቃ፣ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። ከፍ ያለው ድምፅ ከተነባቢው በፊት ከመጣ የምላስና የጥርሱ ድምፅ እንዳለ ይቆያል፤ ካልመጣ ላልቶ «ድ» ይሆናል። ፍሪስያውያን ይህን የአነጋገር ከፍታ ከረሱት ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ በህንድና በሰሜን ባሕር ዳር መካከልም ምንም ግንኙነት አልነበረም። ሆኖም የተረሳው አነጋገር አሻራ በአንዲት ተነባቢ ላይ ቀርቷል። የተሰበረ የማሽን ዘንግ ያየ ሰው ይገባዋል፦ ማሽኑ ከቆመ በኋላ እንኳ በስብራቱ ፊት ላይ ያሉት መስመሮች ጭነቱ ከየት በኩል እንደመጣ ይናገራሉ።

በጀርመንኛ ይህ ልዩነት እስካሁን ይታያል፤ «ሙተር» እና «ፋተር» በ«ት»፣ «ብሩደር» በ«ድ»። እንግሊዝኛ በኋላ ዘመን ሦስቱንም አንድ አድርጎ ማስረጃውን ሸፍኖታል። በፍሪስኛም ከብራናው ውጭ ጠፍቷል፤ በሁለት አናባቢ መካከል የነበረው «ድ» ላላ፣ ላላና ጭራሽ ወደቀ። «ሞደር» እንዲህ ሆኖ ነው «ሙወር» የሆነው።

ጎረቤቱ ደችም ይህንኑ አድርጓል፣ ግን ሁለቱንም መልክ አስቀረ። ሙሉው «ሙደር» ለሰው እናት፣ የተሸረፈው «ሙር» ለሌላ ሥራ። ከሥራዎቹ አንዱ የምህንድስና ተማሪ ሊያልፈው የማይችለው ነው፦ ደቾች ብሎን የሚገባበትን ዳዶ «ሙር» ይሉታል። ጀርመኖችም «ሙተር» ነው የሚሉት። የጋራዥ ሰው «ወንዴ» እና «ሴቴ» እንደሚለው ያለ አስተሳሰብ ነው። (የእኛ «ዳዶ» ከጣሊያን የመጣ ነው፤ በጣሊያንኛ የመጫወቻ ዛህራም «ዳዶ» ይባላል፣ ስለዚህ የእኛ ብሎን እናት የላትም።) የደች ንብ አናቢም የቀፎዋን ንግሥት «ሙር» ይላታል። የእኛ አናቢ ደግሞ «አውራ» ይላታል፣ እንደ አውራ ዶሮ። በዚህ በኩል ደቾቹ ይበልጡናል።

«ሜም»ስ ከየት መጣች?

ከልጅ አፍ ነው የመጣችው። ነገሩን ከድምፅ መሣሪያው አሠራር እንየው። «ም» ለማለት ከንፈር ይዘጋል፣ አየሩ በአፍንጫ ይወጣል፤ ምላስ ምንም መሥራት የለበትም። ጡት የያዘ ሕፃን አፉ ተይዟል፣ ሊያወጣ የሚችለው የአፍንጫ ድምፅ ብቻ ነው። ሮማን ያኮብሰን የተባለው የቋንቋ ሊቅ እንዳስረዳው ያ የመጥባት ድምፅ ቀስ በቀስ ጡት ሳይኖርም የምግብ መጠየቂያ ይሆናል፣ ከዚያ የምግቡ ባለቤት መጥሪያ። ልጁ ስም አላወጣም፤ ስም ነው ብለው የተቀበሉት ወላጆቹ ናቸው። ያኮብሰን የተንተራሰው ጆርጅ ፒተር መርዶክ በ1959 ከዓለም ቋንቋዎች ባሰባሰባቸው 1072 የእናትና የአባት መጠሪያዎች ላይ ነው። ከእናት መጠሪያዎቹ 55 በመቶው የአፍንጫ ድምፅ አላቸው፤ ከአባቶቹ 15 በመቶው ብቻ። ሁሉም ቋንቋ ግን አይታዘዝም፤ በጆርጂያኛ «ማማ» ማለት አባት ነው፣ እናት «ዴዳ» ናት።

ደች ውስጥ «ሜም» የሚለው ቃል ለጡት የሚሆን የመንደር ቃል ነው። ላቲንም «ማማ» ሲል ጡት ማለቱ ነበር፤ ሊኔየስ በ1758 ጡት አጥቢ እንስሳትን የሰየመበት ሳይንሳዊ ስም የመጣው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው ስለሚዞር አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ግእዝ እናትን «እም» ይላል፤ «እመቤት»፣ «እመጫት» የሚሉት ቃሎቻችን ውስጥ ዛሬም አለ። አማርኛ «እማ»፣ «እማዬ» ይላል። አንድ ሰው «እም»ን ከፍሪስኛው «ሜም» ጎን አስቀምጦ «እነሆ፣ የአውሮፓ ቋንቋዎች ከግእዝ ወጡ» ቢል ብዙ መውደድ ያገኛል። ክርክሩ ግን አይቆምም። «እም» ከዕብራይስጡ «ኤም» እና ከዐረብኛው «ኡም» ጋር ዘመድ ነው፣ ምክንያቱም በሦስቱ መካከል በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ቃላትና ሰዋስው በተከታታይ ደንብ ይገጥማሉ። ከ«ሜም» ጋር የሚያመሳስለው ግን የሕፃን ከንፈር ብቻ ነው። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ጎማ ክብ አድርገው ቢሠሩ አንዱ ከሌላው ሰረቀ አይባልም፤ ክብነት ራሱ ነው ያስገደዳቸው። ለዝምድና ማስረጃ የሚሆነው ማንም በራሱ ሊደርስበት የማይችል ነገር ነው፣ እንደዚያች እንደ ቬርነር «ድ» ዓይነት። በሌላ አነጋገር ለታሪክ መርማሪ በጋጣ የቀረችው «ሙወር» ሳሎን ካለችው «ሜም» ትበልጣለች።

ደግሞም «ሞደር» ራሷ ከሕፃን አፍ ሳትጀምር አልቀረችም። የመጨረሻው «ተር» በአባት፣ በወንድም፣ በሴት ልጅ መጠሪያዎች ላይም የሚገኝ የዝምድና ቅጥያ ነው። ቅጥያውን ብናነሳው የሚቀረው «ማ» ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አንድ የሕፃን ቃል ትልቅ ሰው ሆነ፣ በድምፅ ለውጦች ውስጥ አልፎ አረጀ፤ ከታች ደግሞ አዲስ ሕፃን ያንኑ ቃል እንደገና ጀመረው።

ታዲያ ሁሉም ቋንቋ የሕፃን ቃል አለው። እንግሊዝኛም፣ ደችም አላቸው። በነሱ ግን መደበኛው ቃል በቦታው ነው፤ መታወቂያ ላይ፣ ፍርድ ቤት፣ መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። በፍሪስኛ የወጥ ቤቱ ቃል ለምን ዙፋን ወጣ?

የእኔ ግምት ከቋንቋው የአደባባይ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1498 የሳክሶኒው መስፍን አልብሬኽት ፍሪስላንድን ያዘ፤ የነፃ ሸንጎዎቹ ዘመን አበቃ። ከዚያ በኋላ የጽሕፈትና የአስተዳደር ቋንቋ ደች እየሆነ ሄደ፤ በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ፍሪስኛ ከሰነድ ጠፍቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑም፣ የትምህርት ቤቱም ቋንቋ ደች ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ኺስበርት ያፒክስ የሚባል የቦልስዋርድ መምህር በፍሪስኛ ግጥም ጻፈ፣ ግን እሱ ብቸኛ ነበር ማለት ይቻላል። ቋንቋው የቀረለት ቤት፣ ጋጣና ጀልባ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ «እናት» የሚለውን መደበኛ ቃል የምትጠቀሙበት ቦታ ሁሉ፣ ማለትም ኑዛዜው፣ ስብከቱ፣ ክሱ፣ በደች ከሆነ መደበኛውን ፍሪስኛ ቃል የት ትሉታላችሁ? ለቤት «ሜም» አለች፤ ለአደባባይ የደቹ ቃል አለ። ለ«ሙወር» የቀሩላት ላሟና በጓ ናቸው። በፈርና በአምሩምም «ማም» ያሸነፈችው የአደባባዩ ቋንቋ ሌላ በነበረበት ሁኔታ ነው።

ቤት የቀረ ቃል ግን የሕፃን ቃል ሆኖ አልቀረም። ፍሪስያውያን በልማድ ወላጆቻቸውን «አንተ» ወይም «አንቺ» አይሉም፤ «አንቱ»ም አይሏቸውም። በመጠሪያቸው ነው የሚያናግሯቸው፦ «ሜም ቡና ትፈልጋለች?» ይላል ልጁ፣ እናቱን ፊት ለፊት እያየ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እኛም «እማዬ፣ ቡና ይጠጣሉ?» ስንል ግሱን ከሩቅ ሰው ግስ ተውሰን ነው። አባት «ሄይት» ነው፣ እሱም አሮጌውን «ፌደር» የተካ የቤት ቃል። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1943 በፍሪስኛ ሲወጣ «አባታችን ሆይ» የተጻፈው በዚሁ በ«ሄይት» ነው። ለእግዚአብሔር የሚሆን ሌላ አባት ቋንቋው ውስጥ አልነበረም።

«የእናት ቋንቋ» የሚለው ሐሳብ ወደ ፍሪስኛ ሲገባም የተቀመጠው በ«ሜም» ላይ ነው፤ «ሜመታል» ይባላል፣ «ሜም» ላይ «ታል» (ቋንቋ) ተጨምሮ። ደቹ በ«ሙደር» ነው የሚለው። አማርኛ በዚህ በኩል ለየት ይላል፤ «አፍ መፍቻ» ስንል እናት የለችበትም፣ የሚፈታ አፍ ብቻ ነው ያለው። የፍሪስያውያኑን ታሪክ ሳነብ ግን ይህኛው ቃል ነው የታየኝ፣ ምክንያቱም ጠቡ የተነሳው አፍ ስለመዘጋት ነው።

በ1951 በሄረንፌን አንድ ዳኛ ተከሳሾች በፍሪስኛ ሲናገሩ አልሰማም አለ። ፌደ ስኹረር የተባለ ገጣሚና የጋዜጣ አዘጋጅ ዳኛውን በጋዜጣው አጥብቆ ነቀፈ፤ በዳኛ ስድብም ተከሰሰ። የክሱ ቀን ኅዳር ውስጥ፣ ኖቬምበር 16፣ አርብ ነበር፤ ቦታው ሌውዋርደን። ከፍርድ ቤቱ ውጭ ሕዝብ ተሰበሰበ። ፖሊስ በዱላና በውኃ በተነው። ቀኑ እስካሁን «ክነፐልፍሬድ» ይባላል፣ «የዱላው አርብ» እንደማለት። በፍሪስያውያን መሬት ላይ ከ650 ዓመት በፊት እናት በራሷ ቋንቋ ስለ ልጇ ርስት የምትከራከርበት ሕግ ተጽፎ ነበር፤ አሁን በዚያው ቋንቋ የመናገር ጉዳይ ዱላ አስመዘዘ።

ዱላው ግን ለመንግሥት አልበጀውም። ጉዳዩ በመላው ኔዘርላንድስ መነጋገሪያ ሆነ። በ1955 በትምህርት ቤት በሁለት ቋንቋ ማስተማር ተፈቀደ፤ በ1956 ደግሞ በፍርድ ቤት በፍሪስኛ መናገር የሚያስችል ሕግ ወጣ። ላሟ የቆመችው በነዚህ ዓመታት መሀል፣ በዚያችው ከተማ ነው። ከ1980 ጀምሮ ፍሪስኛ በክፍለ ሀገሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የግዴታ ትምህርት ሆኗል፤ ከ2014 ወዲህም አጠቃቀሙን የሚደነግግ ራሱን የቻለ ሕግ አለው። «ሞደር» ግን ወደ ሸንጎው አልተመለሰችም። ዛሬ ፍሪስኛ ተናጋሪ ሴት ዳኛ ፊት ቆማ ስለ ልጇ ብትከራከር የምትጠራው «ሜም» ተብላ ነው።